ሰማንያ አንደኛው ሰው

«ሰማንያ ዘመቱ ጥይት ሳይተኩሱ…»

እዚህ ላይ ይቆማል። ከዚህ ወዲያ ዜማው አለ፤ ቃሉ የለም። መምህር ኡበይደላ ቀሪውን በአፍንጫቸው እያዜሙ ይጨርሱትና ደግሞ ከመጀመሪያው ይነሳሉ፤ ደግሞም እዚያው ቦታ ላይ ይቆማሉ፣ ድልድዩን ጎርፍ እንደወሰደበት መንገደኛ። ዜማው አምባሰል ነው፤ የአገሩ ሁሉ ነው። ቃሉ ግን የራሳቸው ነው። ውርጌሳ ሲያስተምሩ በገዛ እጃቸው ገጥመው በስንትና ስንት ሕፃን አፍ ያዘመሩት። አሁን በስድሳ ስድስት ዓመታቸው፣ የልጁን ስም እንደረሳ አባት ያፍሩበታል።

ነሐሴ ነው። ዝናቡ የመርሳን ቆርቆሮ ሲደበድብ አርፍዷል። መምህር በረንዳቸው ላይ ቆመው ዳቦ በሻይ ይቀማምሳሉ። ሁልጊዜም ቆመው ነው። መንገድ ተዘግቶ መድኃኒት በጠፋበት በዚያ በጦርነቱ ዓመት ሚስታቸው ከድጃ ከሞተች ወዲህ፣ ቁጭ ብለው እህል በልተው አያውቁም። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ይባል የለ? ቆሞ የጎረሰ ግን በላ አይባልም፤ ቀመሰ ነው የሚባለው። እንዲህ እያሉ ራሳቸውን ይሸነግላሉ። የከድጃ ሞሰብ ጥግ ላይ እንደተከደነ አራት ዓመቱ።

ግራና በምትባል ቀዬ ተወልደው፣ ወልድያ ተምረው፣ ሠላሳ ሰባት ዓመት ጠመኔ ይዘው ኖሩ። ባሕር አይተው አያውቁም። አውሮፕላንም ከሰማይ ሲያልፍ ካልሆነ በቀር አያውቁ። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይላሉ፤ ይህን የተናገረ ሰው መምህር ኡበይደላን አላገኛቸውም። እሳቸው ያላዩት አገር ነው አንጀታቸውን ሲበላው የኖረው። የሚናፍቁት ደግሞ ትልቁን አይደለም። ሁሉም ሰው የሚያወራውን እንግሊዝን፣ ፈረንሳይን ለሌላ አስተማሪ ተዉት። የሳቸው ፍቅር በካርታው ላይ የዝንብ እግር የሚያህሉት ናቸው፤ ስማቸው ከቦታቸው የሚበልጥ፣ ጸሐፊው ስማቸውን ባሕሩ ላይ ጽፎ በቀጭን መስመር የሚጎትትላቸው።

በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ የክፍሉን ስድስት ረድፍ ለስድስት አገር ያከፋፍሉ ነበር። ቫቲካን፣ ሞናኮ፣ ሳን ማሪኖ፣ አንዶራ፣ ማልታ፣ ሊክተንስታይን። ልጅ ሁሉ አገር ይሰጠዋል። መንግሥትም ይሰጠዋል። የሳን ማሪኖ ረድፍ እንደ እውነተኛዪቱ በየስድስት ወሩ የሚሻሩ ሁለት አለቆች ነበሩት፤ የአንዶራ ረድፍ ሁለት ጌታ ነበረው፣ አንዱ ጳጳስ አንዱ ፕሬዝዳንት፤ የሞናኮ ልዑል ደግሞ መደገፊያ ያላትን ብቸኛዋን ወንበር ይዞ አልለቅም ይል ነበር። እያንዳንዱ አገር የራሱ ግጥም ነበረው። «ሞናኮ ማለት» ይላሉ መምህር፣ «ከመናኸሪያው ተነስታችሁ ወንዙ ድረስ ነው። ጠዋት ብትነሱ ቁርስ ሳይደርስ አገሩን ትጨርሱታላችሁ።» አንድ ጊዜ ከወረዳ ሱፐርቫይዘር መጥቶ «መምህር፣ ይኼ ከመጽሐፉ ላይ የቱ ጋ ነው ያለው?» ቢላቸው፣ «አይ ጌታዬ፣ መጽሐፉ ትንሽ ነገር አያይለትም» ብለው አሳቁት።

ጡረታ ከወጡም በኋላ ይህ ልማድ አልለቀቃቸውም። የቀድሞ ተማሪ መንገድ ላይ ሲያገኙ «ደኅና ነህ ወይ» አይሉም። «የየት አገር ዜጋ ነህ?» ነው ሰላምታቸው። የግጥሞቹ ደብተር ግን በጦርነቱ ጊዜ ከትምህርት ቤቱ መጻሕፍት ጋር አብሮ ነደደ። የቀረው በራሳቸው ውስጥ ያለው ነው፤ እሱም ይኸው እንደ አሮጌ ጣሪያ በየቦታው ያፈስሳል።

ያን ማክሰኞ ጠዋት ታዲያ በሩ ተንኳኳ። ነጠላዋ በዝናብ ከትከሻዋ የተጣበቀ፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ቆማለች። በሁለት እጇ ስልክ እንደ እንቁላል አቅፋለች።

«እንዴት አረፈዱ መምህር። አስካለ ነኝ፣ ከውርጌሳ። የህሊና እናት።»

«አልሃምዱሊላህ። ግቢ እህቴ፣ ግቢ፤ ዝናቡ ጨረሰሽ እኮ።»

«አልቀመጥም። እርስዎ ብቻ ይስሙልኝ።»

በኢሞ የመጣ የድምፅ መልእክት ነበር፤ ሰኞ ማታ የገባ። ከሦስት ዓመት በፊት ለቤት ሥራ ዓረብ አገር የሄደችው የልጅቱ ድምፅ እየሮጠች እንደምታወራ ሰው ይቆራረጣል።

«እማ፣ እኔ ነኝ፣ አትደንግጪ። የምሠራላቸው ሰዎቼ ለእረፍት አውሮፓ ይዘውኝ መጥተው ነበር፤ ዛሬ ጠፋሁባቸው። ፓስፖርቴ እነሱ ጋ ነው። ከእንግዲህ አልመለስላቸውም እማ፣ ብሞትም። ያለሁበትን አገር ብነግርሽ ስሙ አይያዝልሽም፤ ለመምህር ኡበይደላ ‹በክፍል የሰጡኝ አገር› በያቸው፣ እሳቸው ያውቃሉ። ወታደር የላትም ብለውን የለ… ሰዎቼ አርብ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ካገኙኝ ይወስዱኛል። ከአርብ በፊት ሰው ፈል—»

እዚያ ላይ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይጠራም።

አስካለ ቀና ብላ አየቻቸው። «የቱ ነው፣ መምህር?»

መምህር ኡበይደላ ሠላሳ ሰባት ዓመት አስተምረዋል። በዓመት ስድስት ረድፍ፣ በረድፍ አሥርም አሥራ ሁለትም ልጅ። ህሊናን ያስታውሷታል። ቀጭን፣ ፊቷን በደብተር ከልላ የምትስቅ። ረድፏን ግን… አእምሯቸውን ገልብጠው ፈተሹት። ባዶ ነው። ወታደር የሌላት አገር አንዲት ብቻ ብትሆን ምን ነበረበት! ሞናኮም ጦር አላት አይባልም፤ አንዶራም የላት፤ ሊክተንስታይንም የላት።

«አላስታውስም» ማለት ነበረባቸው። ግን ያች ሴት ከሌሊት ጀምሮ ያቀፈችውን ስልክ ይዛ፣ ውኃ ከነጠላዋ ጫፍ እየተንጠባጠበ፣ ደጀ ሰላም እንደቆመ ምእመን ፊታቸው ቆማለች። የወሎ ሰው እንግዳ ባዶ እጁን አይሸኝም፤ የሌለውንም ይሰጣል። ይህ ደግነት ነው የሚባለው ነገር አንዳንድ ጊዜ ሰው ይገድላል።

«አንዶራ» አሉ። «የአንዶራ ልጅ ነበረች። አብሽሪ።»

አስካለ በጉልበቷ ዝቅ ብላ እግራቸውን ልትስም ስትል ያዟት። ቁራሹን ዳቦ ለወፎቹ በተኑት።

ወልድያ መናኸሪያው አጠገብ በላይ የሚባል የቀድሞ ተማሪያቸው የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ቤት አለው። እንግሊዝኛው ጥሩ ነው። ያኑ ዕለት ከአስካለ ጋር ሲገቡ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«የየት አገር ዜጋ ነህ?» አሉት መምህር፤ ልማድ ሆኖባቸው እንጂ የመሳቅ አቅም አልነበራቸውም።

«የሞናኮ ልዑል ነበርኩ መምህር፤ አሁን ተሰድጄ የልደት ካርድ ኮፒ አደርጋለሁ።» ከዚያ የአስካለን ፊት አየና ሳቁን ዋጠው። «ምን ሆናችሁ?»

ነገሩት። ቁጭ ብሎ አንዶራን ያስስ ጀመር። የፖሊስ ቁጥር፣ የቀይ መስቀል፣ የሆቴል። ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል። «ህሊና» እያለ ስሟን በፊደል በፊደል ይነግራቸዋል። ነገ ደውል ይሉታል። ማክሰኞ እንዲህ አለቀ። ረቡዕም እኩሌታው አለቀ። አስካለ ፍልሰታን እየጾመች ስለሆነ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል አትቀምስም፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላም ስትቀምስ ያያት የለም። በፕላስቲክ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ በላይ ስልክ ባነሳ ቁጥር አብራው ትነሳለች።

ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ በላይ መምህርን ወደ ውጭ ጠራቸው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መምህር፣ አንዶራ እንዲህ ያለች ልጅ አላየንም ብለዋል። አረቦቹ የሚያርፉበት ሆቴል ሁሉ ጠይቄያለሁ። እርግጠኛ ነዎት አይደል?»

«ወላሂ…» አሉና መሐላውን አጋማሽ ላይ ተዉት። በውሸት ምለው አያውቁም።

የዚያን ቀን ከሰዓት መርሳ ተመልሰው በየጎዳናው ዞሩ። ከውርጌሳ የመጣ፣ እሳቸው ያስተማሩት፣ በህሊና ዕድሜ የሚገመት ሰው ባዩ ቁጥር ያስቆማሉ። «የየት አገር ዜጋ ነህ? ህሊና ከምትባል ልጅ ጋር ተምረሃል?» አንድ የባጃጅ ሹፌር ማልታ ነበርኩ አላቸው። አንድ ልብስ ሰፊ ቫቲካን ነበርኩ፣ ህሊና የምትባል አላውቅም አላቸው። ሰው እየተጠቋቆመ አያቸው። «መምህር ምን ነካቸው?» «እርጅና ነው እንጂ፤ ከሚስታቸው ወዲህ እኮ…»

ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ደርሷል። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ገበያው ጫፍ ላይ ከሽንኩርት ክምር ጀርባ አንዲት ሴት ጮኸች።

«መምህር! ዛሬስ ዜግነቴን አይጠይቁኝም?»

ቃልኪዳን ነበረች፤ የውርጌሳ ተማሪያቸው። ዘለው አጠገቧ ደረሱ ማለት ይቻላል፤ ሽንኩርቷን ሊረግጡ ምንም አልቀራቸው። «የየት ነሽ? የየት አገር ነሽ ልጄ?»

«ሊክተንስታይን ነኛ! ኧረ ሽንኩርቴን! ከህሊና ጋር አንድ ዴስክ ላይ አልነበርንም እንዴ? እሷ እንዲያውም ልዕልት ነበረች፤ እኔ ፓርላማ። ‹ሃያ አምስቱንም ወንበር አንቺው ተቀመጪበት› ብለው ሲያሾፉብኝ!»

መምህር ጆንያው ላይ እጃቸውን ደገፍ አደረጉ። «ግጥሙን ታውቂዋለሽ?»

«እንዴት እረሳዋለሁ?» አለችና እዚያው በሽንኩርቱ መሃል፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ አዜመችው።

ከራይን ወንዝ ማዶ ከንጨት ድልድይ ላይ፣
የልዑሉን ግንብ ከገደል አፋፍ ሳይ፣
ሰማንያ ዘመቱ ጥይት ሳይተኩሱ፣
ሰማንያ አንድ ሆነው ቀዬ ተመለሱ።

ሰማንያ አንድ። ያ ነው የጠፋው። ሊክተንስታይን ለመጨረሻ ጊዜ ጦር ስትልክ ሰማንያ ሰው ልካ፣ ከጦርነቱ ሲመለሱ ሰማንያ አንድ ሆነው ገቡ ይባላል፤ አንድም ሳይሞትባቸው፣ አንድ ወዳጅ መንገድ ላይ ጨምረው። ከዚያ ወዲያ ጦር የሚባል አላቆመችም። ይህን ታሪክ ሲነግሩ ልጆቹ ይጨበጭቡ ነበር። ያ ረቢ! መልሱ ሁለት ቀን ሙሉ አፋቸው ውስጥ ሲዘፈን ነበር፤ እሳቸው ግን ልጅቱን በአንዶራ ተራራ ላይ ሲያስሷት ዋሉ።

ሌላም ነገር ገባቸው። ልጅቱ የሸሸችው ያን ግጥም ይዛ ነው። ወታደር የሌላት አገር ብለው ሲነግሯት፣ በአሥራ ሦስት ዓመት ልቧ «የሚይዘኝ የለም» ብላ ነው የሰማችው። ሰማንያ ሄደው ሰማንያ አንድ የሚመለሱባት አገር ሰው አይጎድልባትም ብላ ነው ከሰዎቿ የጠፋችው። እሳቸው ገጠሙ፤ እሷ አመነች።

ሐሙስ ጠዋት በመርሳ መንገድ ዳር ቆመው ከውርጌሳ የሚመጣውን ሚኒባስ ጠበቁ። አስካለ በመስኮቱ ስታያቸው ፈገግ ለማለት ሞከረች። አጠገቧ ተቀመጡ። መኪናው ከመርሳ ወጣ። ከዚያ፣

«አስካለ፣ ዋሽቼሻለሁ።»

ወደሳቸው ዞረች።

«የቱ አገር እንደሰጠኋት አላስታወስኩም ነበር። ማክሰኞ ዕለት ባዶ እጅሽን ልመልስሽ አልቻልኩም። አንዶራ ያልኩሽ ከራሴ ነው። ትናንት ነው ያገኘሁት፤ ሌላ አገር ነው።»

አስካለ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ከወልድያ የሚመጡ የጭነት መኪናዎች ጭቃ እየረጩ ያልፋሉ። ከዚያ በሹክሹክታ፣

«ሁለት ቀኔን በሉብኝ። አራት ቀን ነበረኝ፣ መምህር፤ ሁለቱን በሉብኝ።»

«በላሁብሽ።»

«ምነው እንደ ሌላው ሰው አላውቅም ቢሉኝ? አላውቅም ቢሉኝ ሌላ በር አንኳኳ አልነበር?»

መቁጠሪያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው በእጃቸው ጨበጡት፤ ሊያዜሙበትም ሊቆጥሩበትም አልሆነላቸው። ረዳቱ «ወልድያ ወራጅ!» አለ።

በላይ ወቀሳ አላበዛም። «ሊክተንስታይን?» አለና የኮምፒውተሩን ክዳን ገለጠ። «ይችማ ሁሉም ሰው የሚተዋወቅባት ናት። አርባ ሺህ ሕዝብ። ወልድያን አታህልም።» ቀጥሎ ለአገሩ ፖሊስ ደወለ። አንዲት ሴት አነሳች። በእንግሊዝኛ ብዙ አወሩ። አስካለ ከወንበሯ ተነስታ የበላይን አፍ እንደ ቅዱስ ሥዕል ታያለች።

በላይ ስልኩን ሳይዘጋ ዞረ። ፊቱ ጠቁሯል።

«ህሊና የሚባል ስም የለንም ነው የምትለው። ሰኞም ማክሰኞም በዚህ ስም የተመዘገበች የለችም። አገሩ ትንሽ ነው፤ ብትኖር እናውቃት ነበር፤ ስለ ሌላ ሰው ደግሞ አንናገርም አለች።»

መምህር ኡበይደላ ግድግዳውን ተደገፉ። ያን ጊዜ ነው አስካለን ያዩት። አላለቀሰችም፤ አልጮኸችም። ነጠላዋን አፏ ውስጥ አስገብታ ነክሳ እየተንቀጠቀጠች ነው። ልጇን ያጣች እናት መንቀጥቀጥ አልነበረም። ይህን መንቀጥቀጥ ያውቁታል፤ ጥያቄ ሲጠየቅ መልሱን እያወቀ እጁን የማያወጣ ተማሪ ነው እንዲህ የሚሆነው።

ጠጋ ብለው በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አስካለ፣ በምን ስም ነው የሄደችው?»

አስካለ አይኗን ጨፈነች።

«ናጅዋ» አለች።

በላይ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ደላላው ነው። ‹በክርስቲያን ስም ቤት አያስገቧትም፣ እዚያ ቶሎ የሚቀጥሩት እስላሟን ነው› አለኝ። ሻርፕ አስረናት ፎቶ አስነሳናት። ናጅዋ ተብላ ሄደች።» ቃሏ አሁን እንደ ግድብ ውኃ ይወርድ ጀመር። «ለንስሐ አባቴ አልተናገርኩም። ሦስት ዓመት ሙሉ ቁርባን ፊት ስቆም አልተናገርኩም። ለእርስዎማ እንዴት እላለሁ? የእናንተን ስም በሐሰት… የሰው ሃይማኖት ካባ ሰርቄ ለልጄ አለበስኩ ብዬ፣ ለእስላም ሰው፣ እንዴት ብዬ? ይቀየሙኛል፣ ይተዉኛል ብዬ ፈራሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ይሄ ልጅ ‹ህሊና› እያለ ሲጠራ በየፊደሉ አንጀቴ ሲቆረጥ ዝም አልኩ። እርስዎ ሁለት ቀን በሉብኝ አልኩ እንጂ… እኔ ነኝ የበላሁት።»

ከዚያ መምህር ኡበይደላ፣ ያ ቁጣ የማያውቅ ፊታቸው በእንባ ርሶ፣ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳረፉ።

«ስም ምን ይሰረቃል እህቴ፤ ለተጠማ እንደሚሰጥ ውኃ ነው። ብትጠይቂኝ ራሴ ባወጣሁላት ነበር። በላይ፣ በላቸው። ናጅዋ በላቸው።»

በላይ ስልኩን ወደ ጆሮው መለሰ። አንድ ቃል ብቻ ተናገረ። ከዚያ ዝም ብሎ ሲሰማ፣ ሲሰማ ቆየ።

«አለች» አለ በመጨረሻ። «አለች እትዬ። ሰኞ ማታ የእንጨቱ ድልድይ ላይ ተቀምጣ አግኝተዋታል። መጠለያ ናት። ከስሟ በቀር ለማንም ቃል አልተነፈሰችም፤ እህልም በግድ ነው የምትቀምሰው። ሰዎቿ ደግሞ ትናንት ፓስፖርቷን ይዘው መጥተው የኛ ናት ብለዋል። ጉዳይዋ ነገ ጠዋት ይታያል። ቤተሰብ ካላት ብናነጋግር ደስ ይለናል ነው ያሉት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያገናኙናል።»

ያች ግማሽ ሰዓት! አስካለ መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ ሬሳ እንደሚለቀስበት ዜማ፣ ለራሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ታንጎራጉራለች።

ስምሽን ቀይሬ ላሻገርኩሽ ባሕር፣
ማን ብዬ ልጥራሽ በማላውቀው አገር።

መምህር ይህን ሲሰሙ ዕድሜ ልካቸውን የገጠሙት ሁሉ ገለባ መስሎ ታያቸው። የልዑሉን ግንብ ገጥመዋል። የፓርላማውን ሃያ አምስት ወንበር አስቆጥረዋል። አሥራ አንዱን ቀበሌ በስም በስሙ አስጠንተዋል። ባሕር ለማየት ሁለት አገር መሻገር የሚያስፈልጋት አገር መሆኗን አስተምረዋል። ይህ መንግሥት ግን፣ ፓስፖርት የሌላት፣ በሰው ስም የገባች አንዲት የውርጌሳ ልጅ ድልድዩ ላይ ቁጭ ብላ ሲያገኛት ምን ያደርጋል? ይህን አላስተማሩም። አያውቁትምና። አንድ ተማሪ እንኳ አልጠየቃቸውም።

ስልኩ ጮኸ። በላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ናጅዋ!» አለች እናት። ከዚያ ደግሞ በፍርሃት፣ «ህሊና! ህሊናዬ! በየትኛው ልጥራሽ የኔ ልጅ?»

ከወዲያ ረጅም ትንፋሽ ብቻ። ከዚያ በጣም ከሩቅ፣ «እማ።»

እናትና ልጅ የተባባሉትን በላይም መምህርም ፊታቸውን አዙረው አልሰሙም፤ ሰሙም ቢባል አይደገምም። መጨረሻ ላይ ልጅቱ፣ «መምህር አሉ?» አለች።

መምህር ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «አለሁ ልዕልት።»

«መምህር፣ ወታደር የላትም አላሉንም? ሁለት ፖሊስ ነው የያዘኝ እኮ።» ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየም።

«ይቅር በይኝ ልጄ። ዘፈኑ ላይ ፖሊስ አልጨመርኩም።»

«ነገ ለሰዎቼ ይሰጡኛል?»

ከማክሰኞ ጀምሮ ምላሳቸው ላይ ቆሞ የነበረው ቃል አሁን መጣ። ከባድ ነበር። ግን እውነት ነበር።

«አላውቅም» አሉ። «አላውቅም ልጄ። የማውቀውን ግን ልንገርሽ። ሲያስገቡሽ ዝም አትበይ። ሁሉንም ንገሪያቸው። የመጣሽበትን ስምም፣ እናትሽ ያወጣችልሽን ስምም። ሁለቱንም ስም ንገሪያቸው። የሠሩብሽን ሁሉ ንገሪ። እኛ እዚህ ስልኩ ሥር ነን።»

«እሺ መምህር።» አለች። «ያ ግጥም… ‹ሰማንያ ዘመቱ› የሚለው። ድልድዩ ላይ ቁጭ ብዬ ስለው ነበር።»

«ጥይት ሳይተኩሱ» አሉ መምህር። ቀጥሎ ያለውን ማውጣት አቃታቸው።

«ሰማንያ አንድ ሆነው» አለች ህሊና ከወዲያ። ከዚያ ኔትወርኩ ሄደ።

መርሳ ሲመለሱ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ለፍተሻ አስቁመዋቸዋል። አስካለ ወደ ውርጌሳ አልቀጠለችም፤ በላይ ከእሷ ስልክ ጋር የመምህርንም ቁጥር ስላስመዘገበ፣ ነገ ጠዋት ከሁለት አንዱ ሊጠራ ይችላልና። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ግቢው ውስጥ ውኃ ረግቶ ሰማዩን ይዟል።

አስካለ የነጠላዋን ቋጠሮ ፈታች። ለሦስት ቀን በየማለዳው እየቀየረች ይዛ ስትመላለስ የቆየችው የማሽላ እንጀራና ሽሮ ነው። ያለማንም ፈቃድ ጥግ ወዳለው ሞሰብ ሄደች። መምህር «እሱን እንኳ…» ሊሉ ነበር። ተዉት። አቧራውን በእጇ ጠርጋ መሃል ላይ አስቀመጠችው፤ እንጀራውን ዘረጋች። ስልኩንም እዚያው ሞሰቡ ጠርዝ ላይ፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጋ አኖረችው።

«የጾም ነው፤ ሥጋ የለበትም። ለእርስዎም ይሆናል።»

«ይሆናል፣ ይሆናል» አሉ መምህርና እንደ ልማዳቸው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው እጃቸውን ዘረጉ።

አስካለ ቀና ብላ አየቻቸው። አይኖቿ አብጠዋል።

«ይቀመጡ እንጂ መምህር። ቆሞ የሚበላ መንገደኛ ነው። እኛ ደግሞ የትም አንሄድም፤ ጠባቂ ነን።»

መምህር ኡበይደላ ቆመው ቆዩ። ስልኩን አዩት። ዝም ብሏል። ነገ ምን እንደሚል ልዑሉም አያውቅ፣ እሳቸውም አያውቁ። ከዚያ አንድ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው፣ አጥንታቸው እየተንቋቋ፣ ቀስ ብለው ወደ በርጩማው ወረዱ።

አስካለ አማተበች። እሳቸው «ቢስሚላህ» አሉ። ቆርሰው፣ ሽሮውን ጠቅሰው፣ ጎረሱ።